የጸጋአብ ቢጫ ሰደርያ

ጸጋአብ ከለቡ ወደ ጀሞ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሞቶ በጀርባው ተዘርግቷል። ሳይክሉ ቦዩ ውስጥ ወድቋል። ቀኑ ለዓይን ያዝ እያደረገ ነበር። ኢንስፔክተር ቀመሪያ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ሱሪው ሰንሰለት እንዳይነክሰው በላስቲክ ታስሯል፤ ጫማው ፔዳል ላይ የማያንሸራትት ጎማ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው፤ ሹራቡም፣ በላዩ የደረበው ሰደርያም፣ የራስ መከላከያ ቆቡ የለበሰው ጨርቅም። የአባቱ አርባ ገና አልወጣም። አይ ልጅነት፣ ስንት ተጠንቅቆ የለበሰ ልጅ ነበር!

የገጨው ሚኒባስ ሹፌር ከድር መንገዱ ዳር ተቀምጦ ራሱን ይዟል። «አላየሁትም፤ ወላሂ አላየሁትም» ይላል ደጋግሞ።

ማን ይመነው? ባለፈው ሳምንት ጀሞ ታክሲ መያዣው ላይ ከጸጋአብ ጋር ተጣልቶ «አንድ ቀን እገጭሃለሁ» ብሎ በሰው ፊት ዝቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞስ ጸጋአብን የማያይ ማን አለ? ሥራ ሲሄድና ሲመለስ የሚለብሰው ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ ከሩቅ ስለሚያበራ ሰፈርተኛው «መብራቱ» ይለዋል። ያ ሰደርያ አሁን የለም። ከድር «አላየሁትም» ለማለት ከሬሳው ላይ ገፎ ጥሎታል ተባለና በግድያ ታሰረ። ሚስቱ ዙሌካ ሕፃኗን አዝላ ጣቢያው በር ላይ ዋለች።

ቀመሪያ ለቅሶ ቤት ገብቶ መጠየቅ ሞቷ ነው። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሄዳ ከእናትየው ከወይዘሮ ትሩፋት ጎን ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ። በዚያን ቀን ጠዋት ምን ለብሶ ወጣ?»

«ቢጫውን ነዋ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አንቺስ አየሽው?» አለች ወደ ልጅቷ ዞራ።

እህቱ ክብረት ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቅ ለመክፈት ቀድሜ ነው የምወጣው። ሱሪውን ያጠበብኩለት እኔ ነኝ። ነጠላ እንኳ አንገቱ ላይ ጣል አያደርግም ነበር፤ ጎማው ይጠመጥመዋል ይላል። ‹ሳይክል ላይ የሚለበሰው ለመታየት ነው እንጂ ለማማር አይደለም› ይለኝ ነበር።»

የሟች አጎት አቶ ገሠሠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መታየቱን ነው እኔ የጠላሁት። የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ልጁ እንደ ሰርገኛ ያብለጨልጫል። ዕድርተኛው ምን ይለናል ብዬ ተናግሬያለሁ፤ አልክድም።» ሪህ ያጣመማቸውን ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

የቀመሪያ ዓይን ግን የወይዘሮ ትሩፋት የሐዘን ቀሚስ ጠርዝ ላይ ቀርቶ ነበር።

ጣቢያ ተመልሳ የሟቹን ልብስ ዳሰሰች። ዝም ብላ ብትተወው እኚያ እናት ሐዘናቸውን ብቻ ይዘው ይኖራሉ። ከድር ግን ባልሠራው ይበሰብሳል።

የሠልስቱ ዕለት ቤተሰቡን ሰበሰበች፤ ከድርንም በፖሊስ ታጅቦ አስመጣችው። ጥቁሩን ሰደርያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ቢጫው ሰደርያ አልጠፋም» አለች። ምላጭ አውጥታ ስፌቱን ተረተረችው። ጥቁሩ ጨርቅ ሲገለጥ ከሥሩ ቢጫው ቦግ አለ። ክብረት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ለብርድ የደረበው መስሎን አለፍነው። ግን እጅጌ የሌለው ስስ ነገር በሹራብ ላይ ምን ብርድ ይከላከላል? ሳነሳው ደግሞ ድርብ ነው፣ ይከብዳል። ቆቡም በዚሁ ጨርቅ ተለብጧል። ስለዚህ ከድር አልዋሸም። በዚያ ድንግዝግዝ፣ በጥቁር አስፋልት ላይ፣ ጥቁር በጥቁር የሆነ ሰው አይታይም።»

«ማነው የለበጠው?» አለች ክብረት።

«ያንቺ ሥራ በስፌት መኪና ነው፤ ይህ የእጅ ስፌት ነው፣ እንደ ጋቢ ጠርዝ በድርብ ክር የተያዘ። አጎትሽ ተናገሩ እንጂ ጣታቸው መርፌ አይጨብጥም። ቢጫውን ለብሶ ወጣ ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጨርቁም ስፌቱም...» ቀመሪያ የወይዘሮ ትሩፋትን ጥቁር ቀሚስ ጠርዝ አየች፤ ያው ጨርቅ፣ ያው የእጅ ስፌት ነው፤ ሁሉም ዓይኗን ተከትሎ አየ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ትሩፋት። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተኝቶ ሳለ ሰፋሁት። ጠዋት አየው። ‹እማዬ፣ እንዲህ ደስ ይልሻል?› አለኝ። አዎ አልኩት። ትከሻዬን ስሞኝ ወጣ። ይህን ሰው ልጎዳ ብዬ አልዋሸሁም፤ አፌ እምቢ ብሎኝ ነው።»

አቶ ገሠሠ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከድር ከሴትዮዋ እግር ሥር ወደቀ።

«እትዬ፣ የገጨሁት እኔ ነኝ። የዛትኩት ግን ለአፌ ነበር።»

«ተነስ ልጄ። አንተ አላየኸውም። እንዳታየው ያደረግኩት እኔ ነኝ» አሉና ወደ ቀመሪያ ዞሩ። «እሱ ይፈታል?»

«የመንገዱ ጉዳይ በትራፊክ በኩል ይታያል። ግድያ የሚባለው ግን ቀርቷል፤ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል።»

«እኔንስ ታስሪኛለሽ?»

«በዚህ የሚታሰር የለም፣ እትዬ ትሩፋት።»

ወይዘሮ ትሩፋት ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ሰደርያ ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ምነው ባሰርሽኝ» አሉ።