የሰዓት ሠሪው ወንበር

ጡረታ የወጣው ሰዓት ሠሪ ትናንት አመሻሹ ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከመስኮቱ የድንጋይ ደፍ ሥር ነበር፤ ተወዛዋዥ ወንበሩ ደግሞ ላዩ ላይ ተገልብጧል። ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ተነስቷል፣ ወንበሩ ግን ማንም አልነካውም። መርማሪው ገና ከበሩ ገባ ከማለቱ አለቃው ደወለ።

«ጨረስክ?»

«ኮቴን እንኳ አላወለቅኩም!»

«ምን የሚያቆይ ነገር አለ? ሐኪሙ የሟቹ ክንዶች ላይ የጣት ምልክት አግኝቷል። ሰው ነው ገፍቶ የጣለው። ሴት ልጁ ደግሞ ትናንት ጠዋት ‹ይህን ወንበር አንድ ቀን ከነአንተ እገለብጠዋለሁ› ብላ ስትጮህ ታች ያሉት ተከራዮች ሰምተዋታል። ከምሳ በፊት ይዘሃት ና።»

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን መርማሪ «ነጭናጫው» ነው የሚሉት፤ ስሙንም በነፃ አላገኘውም። ዛሬ ግን ቢነጫነጭ አይፈረድበትም። ጥርሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመው አድሯል፣ ቁርስ አልቀመሰም፣ አለቃው ደግሞ ፍርዱን ጨርሶ ነው የላከው።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። ካንገትጌዋ ላይ የሰካቻቸውን መርፌዎች እንኳ ከትናንት ጀምሮ አልነቀለቻቸውም።

«ብያለሁ፣ አልክድም» አለች። «ወር ሙሉ ስለ ወንበር ስሰማ ጆሮዬ ደነቆረ። ከአያቱ የወረሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሲወዛወዝ ነው የኖረው። የመቀመጫው ጠፍር ላላና ወንድሜ ሊያሳድሰው ወሰደው። ከመለሰው ወዲህ ግን ሰላም የሚባል የለም። ‹ጀርባዬ አልተቀበለውም፣ ወደኋላ አልሄድ ብሎኛል› ይላል። እኔንም ‹እስቲ ተቀመጪበት› እያለ መከራዬን ያበላኛል። ተቀመጥኩለት፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደኋላ ተለጠጥኩ። ‹ወንበር ነው አባዬ፣ ምን ጎደለው?› ስለው ተቆጣ። እኔም ቱግ አልኩና ያልኩትን አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሥራ ሄድኩ። ስመለስ…» እንባዋ ቀደማት። «አባቴን ያልኩት የመጨረሻ ነገር ያ ይሁን?»

የስፌት ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ነው የምትውለው። ትናንት ከሰዓት ደግሞ አንድ ደንበኛ እንኳ አልመጣላትም። ነጭናጫው በልቡ አለቃውን ረገመ፤ የሚመሰክርላት ሰው ቢያገኝ እንዴት ደስ ባለው!

ወንድሟ የመኪና ደላላ ነው፤ ምላሱ ቅቤ። «ጌታዬ፣ እህቴን ተዉአት። ማንም አልገፋውም። ጥፋተኛው ይሄ ወንበር ነው» አለና ዞር ብሎ ከኋላ ፀጉሩን ገለጥ አደረገ። ጭንቅላቱ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። «ይሄን ያያሉ? ልጅ ሆኜ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ብወዛወዝበት ገልብጦ እዚሁ ደፍ ላይ ነው የፈጠፈጠኝ። አባዬንም እንደዚሁ ነው ያደረገው።»

«ክንዱ ላይ ያለውን ምልክትስ ወንበሩ ነው የጨበጠው?»

«እሱን እንግዲህ ሐኪሙን ይጠይቁ።»

«የት ነው ያሳደስከው?»

«እዚያ የጥንት ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ጋ።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ገበያ። መቶ ሰው አይቶኛል!»

ከመቶው የአንዱን ስም ጥራ ሲባል ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

የጥንት ዕቃ ነጋዴው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ትናንት ከሰዓት እዚህ ቤት መምጣቱን ራሱ ነው ያመነው። ሟቹ የወንበሩን ዕድሜ ሊጠይቁት ጠርተውት ነበር። ነጭናጫው የፈለገው ስለ ሟቹ መስማት ነው፤ ሰውየው ግን ተንበርክኮ የወንበሩን እግር ይዳብስ ጀመር።

«እንጨት ሲያረጅ በወርዱ ይሸማቀቃል። ድሮ ድብልብል ተደርጎ የተጠረበ እግር ዛሬ ሲዳሰስ ጠፍጠፍ ይላል። ይሄ ግን ይኸው፣ እንደ ብርጭቆ ክብ ነው! ብሎኖቹም አንድ ዓይነት ናቸው፣ የማሽን ሥራ። ይህ ወንበር ከልጄ ዕድሜ አይበልጥም።»

«ጌታው፣ ሰው ሞቷል እኮ!»

«ስለሱ አይደል የማወራው! ዓይነቱም የኋለኛው ነው። ከሥር ያሉት ጎባጣ እንጨቶች በድሮዎቹ ላይ ከፊትም ከኋላም አጫጭር ናቸው። በእነዚህ ላይ ግን ኋላው ረዝሟል። ምክንያቱም…»

ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው። «አሁንም እዚያ ነህ?» ነጭናጫው ጥርሱን ነክሶ መልስ ሰጠ፤ የታመመውን ጥርስ ነበር የነከሰው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሟቹ የወንበሩን ዕድሜ ሲሰሙ ምን አሉ?» ሲል ወደ ነጋዴው ተመለሰ።

«ሳቁ። ‹ጀርባዬስ አልዋሸኝም› አሉና አመስግነው ሸኙኝ።»

«ወንበሩን እርስዎ ነዎት ያደሱት ይላል ልጁ።»

«እኔ? ትናንት ነው መጀመሪያ ያየሁት!»

«ዓይን አውጣ!» አለ ደላላው ከበሩ ዘልቆ። «በእጄ አይደል ያስረከብኩህ?»

ከዚያማ አይጣል ነው። አንዱ ሲምል ሌላው ይገዘታል፤ ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። ነጭናጫው ሁለቱንም በጩኸት ከክፍሉ አስወጣቸው። ምሳ ሰዓት ተቃርቧል፣ እጁ ላይ ግን ምንም የለም። ማን ይዋሻል? ልጅቷን ይዞ መሄዱ ነው? 

በንዴት ወንበሩን ብድግ አድርጎ አቆመው። መስኮቱ ሥር የጣውላው ወለል ላይ ሁለት ረጃጅም ስርጉዶች አሉ፤ ወንበሩ ስንት ዘመን ሲወዛወዝ ቦርቡሯቸው ልሙጥ ሆነዋል። ቢያንስ ቦታው ልመልሰው አለና ገፋው። የግራው ጎባጣ እንጨት ስርጉዱ ውስጥ ሲገባ የቀኙ ይወጣል። አዞረው፤ አሁንም እንቢ። «አንተም እንደነሱ ነህ!» ብሎ በእርግጫ ሊለው እግሩን አነሳና እንዳነሳ ቀረ። ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለና በሁለቱ ስርጉዶች መካከል ያለውን ርቀት በስንዝር ለካ፤ ከዚያ የወንበሩን ሁለት ጎባጣ እንጨቶች ርቀት ለካ።

ወደ በሩ ሄዶ ነጋዴውን በሹክሹክታ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። መልሱን ሲሰማ ስልኩን አጠፋና ሦስቱንም ጠራ።

«በመጀመሪያ፣ ይህ ወንበር የአባታችሁ አይደለም» አለ። «ወለሉ ላይ ላሉት ስርጉዶች ይሰፋል። ሰዓት ሠሪው ወር ሙሉ ሲነጫነጭ የነበረው እውነቱን ነው። ሊታደስ ወጥቶ የተመለሰው ሌላ ወንበር ነው።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ማን ለወጠው? ደላላው ነጋዴውን፣ ነጋዴው ደላላውን ይላል። እዚህ ላይ ስዳክር ቆየሁ፤ ተውኩትና ሌላ ነገር አሰብኩ። ገዳዩ ወንበሩን ሬሳው ላይ ገልብጦ የሄደው ለምንድን ነው? ‹ወንበሩ ጣለው› እንዲባል ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ወንበሩ ይገለበጣል ብሎ ያምናል ማለት ነው። ጌታው፣ ኋላው ለምን እንደረዘመ ይንገሯቸው።»

«እንዳይገለበጥ ነዋ» አለ ነጋዴው። «ድሮዎቹ ሰው ስለሚጥሉ ነው ኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያስረዘሙት።»

«ይህን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት አይሠራም። ልጅቷም ባለ በሌለ ኃይሏ ተለጥጣበት አልሄደላትም፤ አባቷም ‹ወደኋላ አልሄድ አለኝ› እያለ ሲነዘንዛት ነው የከረመው። ስለዚህ የቀረው አሮጌውን ብቻ የሚያውቅ፣ አዲሱ ላይ አንድ ቀን እንኳ ያልተቀመጠ ሰው ነው። ጠባሳው ጭንቅላቱ ላይ ያለ ሰው።»

«ይገለብጣል!» ብሎ ጮኸ ደላላው። «እኔን ጥሎኛል እያልኩህ! አሳይሃለሁ!»

ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና በሁለት እግሩ ወለሉን ረገጠ። ወንበሩ ወደኋላ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ መለሰው። ላብ አጠመቀው። በተመለሰ ቁጥር ፊቱ ከእህቱ ፊት ጋር ይገጣጠማል።

«በቃ» አለችው። «ወንድምዬ፣ በቃ።»

መርገጡን ተወ። ወንበሩ ብቻውን ጥቂት ተወዛውዞ ቆመ።

«አሮጌውን ላንድ የሆቴል ባለቤት ነው የሸጥኩት» አለ ወለሉን እያየ። «አባዬ አያውቅም ብዬ ነው። ነጋዴው እንደወጣ ደውሎ ጠራኝ። ‹ወንበሬን አምጣ› ብሎ ኮሌታዬን ያዘኝ። ላስለቅቀው ብዬ ክንዱን ይዤ ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም።»

«እህትህ ስትጠረጠርስ?»

ደላላው ተነስቶ ጀርባውን ለእህቱ ሰጠ።

ነጭናጫው ስልኩን ሲከፍት ወዲያው ጮኸ። «ያዝካት?» አለ አለቃው። «አልያዝኳትም!» ብሎ ዘጋበት። አንድ ጊዜ እንኳ እሱ በመዝጋቱ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ምንም ደስ አላለውም።

ፖሊሶች መጥተው ወንድሟን ሲያወጡት ልጅቷ ከወለሉ ስርጉዶች አጠገብ ቆማ ቀረች።

«አባዬ ነግሮኝ ነበር እኮ» አለች ወደ ነጭናጫው ዞራ። «ወር ሙሉ ነገረኝ። ተቀመጪና እዪው ብሎ ለመነኝ። እኔ ግን ተቀምጬ ምንም የለውም አልኩት።»

ነጭናጫው ወንበሩን አንስቶ ይዞት ወጣ።