እትብት ያለበት ጓሮ

«ነገርሻቸው፣ ልጄ?» አሉ እማማ ካታሪና በመንደሩ ቋንቋ በኪቼኛ፣ የበቆሎ አጥሚት እያቀበሏት።

«ነግሬያቸዋለሁ» አለች ኤውላሊያ። ዓይናቸውን ግን አላየችም።

አልነገረቻቸውም። ጠዋት ከከተማ የመጡት በጎ ፈቃደኞች የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ከእንፋሎት መታጠቢያው ጎጆ ጀርባ ሊቆፍሩ ሲሉ፣ አሮጊቷ «እዚያስ አይሆንም፤ ማኑዌላን የወለድኳት ጎጆው ውስጥ ነው፣ እትብቷም ከጀርባው ነው የተቀበረው» ብለው ነበር። የቀረው ጓሮ ደግሞ ድንጋይ ነው። ኤውላሊያ ሳምንቱን ሙሉ ስታስተረጉምና አሸዋ ስትሸከም ከርማ ትከሻዋ ዝሏል፤ አንድ ቃል መጨመር እንኳ ተራራ ሆነባት። የቡድኑ መሪ ሬናታ ምን እንዳሉ ስትጠይቃት፣ በስፓኒሽ «እሺ ብለዋል» ብላ ተገላገለች።

አሁን ጉድጓዱ ከጉልበት አልፏል። እማማ ካታሪና ለቆፋሪዎቹ ሁሉ አጥሚት አድለዋል፤ አንዳቸውንም ግን ቀና ብለው አላዩም።

«ታዲያ ሰምተው ነው የሚቆፍሩት?» አሉ ቀስ ብለው። «ይሁን፣ እኔ ማን ነኝና። ማኑዌላ ከሄደች ወዲህ የቀረኝ እትብቷ ነበር።»

ኤውላሊያ አጥሚቱን ሳትጨርስ ኩባያውን ከአፏ አወረደች። አፈረች። እነዚህ ሰዎች እጃቸው ውሃ እስኪቋጥር የሚለፉት ለደግ ነው፤ በእሷ አንድ ቃል ግን አሮጊቷ ፊት ጨካኝ ሆነዋል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ነገ ሲሚንቶው ይፈሳል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እማማ ካታሪና ግን ያንን ሽንት ቤት እስኪሞቱ አይረግጡትም።

ኩባያውን አስቀምጣ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

«አስተርጓሚዋ፣ ልታግዢን ነው ወይስ ልትቆጣጠሪን?» አለች ሬናታ ላቧን እየጠረገች።

«ጠዋት እሺ አላሉም» አለች ኤውላሊያ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ደክሞኝ ነበር።» ስለ እትብቱም ነገረቻት።

ሬናታ አካፋዋን ተደግፋ ድንጋያማውን ጓሮ አየች። አልተቆጣችም፤ መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል። ሌላ ቦታ ማለት ሌላ ቀን ማለት እንደሆነ ብቻ ተናገረች።

«አውቃለሁ» አለች ኤውላሊያ። «እኔም እቆፍራለሁ።»

ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ አልነገርኳቸውም ነበር። ውሸቴን ነው።»

መልስ ሳትጠብቅ አካፋ አንስታ የወጣውን አፈር ወደ ጉድጓዱ መመለስ ጀመረች። እማማ ካታሪና ተነስተው መጡና አጠገቧ ቆሙ።

«በአካፋ አይደለም» አሉ። «እትብቷ ያለበት አፈር ነው፤ በእጅሽ መልሺው።»

ኤውላሊያ አካፋውን ጥላ ተንበረከከች።