መንገዱ ነፃ ነው

ሬይዮ ሳልሜላን ከጋቢናው ለማውጣት ብረት መቁረጫ ማሽን አስፈለገ። ሲወጣ ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም፤ ከደረቱ በታች ያለው ግን ለሚስት የሚያሳዩት አልነበረም። ደግነቱ ሚስት አልነበረውም። በኮልድ ፎርክ ከተማ የሚወደው ሰውም ስላልነበረው፣ ሬሳው መንገድ ዳር በሸራ ተሸፍኖ ሳለ የተሰበሰበው ሰው የሚጠያየቀው መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ነበር።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዌይን ፔልኪ የተባለ የግንድ መኪና ነጂ ጭነቱን ይዞ ወደ ከተማ ሲመለስ፣ «ክርኑ» በሚሉት ኩርባ ላይ በረዶ አንሸራተተውና መኪናው መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ትንሽ መኪና ታክካ የምታልፍበት ጠባብ ዳር ብቻ ቀረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሬይዮ ባዶ የግንድ መኪናውን ይዞ ከከተማ በኩል መጣ፤ ኩርባውን በዘጠና ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዞረ፤ ከግንዱ ክምር ውስጥ ገባ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በረዶው ከቀትር በፊት አቁሟል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ሳጅን ኖርማ ኪሺግ ስትደርስ ዌይን በመኪናው መርገጫ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንጸባራቂ ምልክት ስንት አቆምህ?» አለችው፤ ሰላም ሳትለው።

«አንድ።»

«ሕጉ ስንት ይላል?»

«ሦስት። ሁለቱ ተሰብረውብኝ ነው። ግን ሳጅን፣ በሰው ልኬ ነበር፤ ይመኑኝ። ሦስት ሰዎች በዳር አለፉ፤ ለሦስቱም ‘የሚመጣውን ሁሉ በመብራት አስጠንቅቁልኝ’ ብያቸዋለሁ። እሺ ብለውኛል።»

በዚያ መንገድ ስልክ አይሠራም። የመገናኛ ሬዲዮ ቢኖርም ሬይዮ የሰው ወሬ ስለሚያንገሸግሸው የራሱን ነቅሎ ጥሎታል። ስለዚህ አደጋ ያየ ሰው ወሬውን በመብራት ይሸከማል፤ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ድረስ ለሚመጣበት ሁሉ ረጅሙን መብራት ሦስቴ ብልጭ ያደርጋል። የተነገረው አንዴ ብልጭ አድርጎ «ሰምቻለሁ» ይላል። ይህን የማያደርግ ሰው በዚያ አገር ከሌባ ይቆጠራል፤ ሌባ እንኳ ያደርገዋል።

«እነማን ነበሩ? በተራ ንገረኝ።»

«መጀመሪያ ጁን ብላክዉድ፣ የፖስታ ቤቷ። ቀጥሎ ኦሬል ላፖርት። መጨረሻ ላይ ሌዮ፣ የሬይዮ ወንድም።»

«እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ካልዋሸ፣ የዋሸኸው አንተ ነህ።»

«ሳጅን፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ።»

«ልጆችህ አንጸባራቂ አይሆኑም» አለችውና ትታው ሄደች።

አለቃዋ ማታውኑ ደወለ። ኮሌጅ የጨረሰ፣ ያንን መንገድ በካርታ ብቻ የሚያውቅ፣ እንዲህ ያለው ሰው ነው መቼም ሁልጊዜ አለቃ የሚሆነው። «ሰው ሞቷል፤ መንገድ የዘጋው ታውቋል፤ ምልክት አላቆመም። ነገ አምስት ሰዓት ላይ ክሰሽው፤ አምስት ዓመት ይበቃዋል» አላት። እሷ ግን ከሬይዮ መኪና የተነቀለውን የፍጥነት መመዝገቢያ ሣጥን ጽሑፍ ይዛ ነበር። ሬይዮ ከከተማ በዘጠና ወጥቷል። ከዚያ ስድሳ። ከዚያ ሃያ አምስት። ቀጥሎ፣ ከኩርባው አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረው፣ እንደገና ዘጠና።

ጽሑፉን እስክታጥፈው ድረስ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

በማግስቱ ፖስታ ቤቱ ሲከፈት ጁን ብላክዉድ መስኮቷ ጀርባ ነበረች። አብረው ትምህርት ቤት ስለዋሉ ሁለቱ አይከባበሩም።

«አበራሽለት?»

«ሦስቴ። ሬይዮን አልወደውም፤ ለማልወደው ሰው ደግሞ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ። ነገ እንዲህ መጥተሽ እንደምትጠይቂኝ ዐውቃለሁዋ።»

«ቀነሰ?»

«አንዴ ብልጭ አደረገልኝ፤ በመስታወት ሳየው የፍሬን መብራቱ በርቷል።»

«ማን ይጠላው ነበር?»

«ዝርዝር ልስጥሽ ወይስ የስልክ ማውጫውን? ኦሬልን ጠይቂዋ። የኮሌትን ነገር ረሳሽው?»

ኖርማ አልረሳችም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የኦሬል ሚስት ኮሌት በዚያው መንገድ ስትሄድ፣ ፈረስ የሚያህል አጋዘን መካከል ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ገጭታው ሞተች። ከዚያ በኩል የመጣ አንድ የግንድ መኪና፣ የሬይዮ አረንጓዴ መኪና፣ አጋዘኑን አልፎ መጥቶ ከኮሌት ጋር ሲተላለፍ መብራት አልሰጣትም። ከኋላዋ የነበረ ሰው አይቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ በኮልድ ፎርክ ለሬይዮ ቡና የሚቀዳለት ሲጠፋ፣ እሱም አንድ ቀን «አይደለሁም» አላለም።

ሌዮ ሳልሜላን ያገኘችው በሟች ወንድሙ ቤት፣ የወንድሙን ማቀዝቀዣ ከፍቶ የወንድሙን በጭስ የደረቀ ዓሣ ሲበላ ነው።

«ይበላሻል ብዬ ነው» አላት።

«አበራህለት?»

«ወንድሜ እኮ ነው! ሦስቴ አበራሁ፤ እጄንም አወጣሁለት። ያኔ ቀስ እያለ ነበር፤ ጁን ነግራዋለች ማለት ነው።»

«ኦሬልስ?»

«ኦሬልን አላየሁትም። ከክርኑ ራቅ ካልኩ ወዲህ መንገዱ ባዶ ነው፤ በኔ በኩል ያለው በረዶ ላይ የአንድ መኪና ዱካ ብቻ ነበር። ቀጭን ጎማ። የጁን ትንሿ መኪና ትሆናለች።»

«አንድ ብቻ? እርግጠኛ ነህ?»

«በረዶ ላይ አርባ ዓመት ነዳሁ፤ አንድና ሁለት መቁጠር አስተምሪኝ እንግዲህ።»

ኦሬል ላፖርት ከቤቱ በር ላይ ጎማ እየቀየረ ነበር። ፒክአፑ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ዝገቱን ቀለም ነው የያዘው።

«ሳጅን ሆንሽ አሉ» አላት ቀና ሳይል። «አባትሽ ቢያይ ምን ይል? እሱ እኮ ፖሊስ ሲያይ የሚደበቅ ሰው ነበር።»

«አንተ ካለህበትም ይደበቅ ነበር፤ ጠረንህን ሸሽቶ። ክርኑን ካለፍክ በኋላ የት ሄድክ?»

«ከጁን ኋላ ኋላ፣ በቀጥታ ቤቴ።»

«አልቆምክም?»

«ምን ያቆመኛል? ሬይዮ መጣ፣ ሦስቴ አበራሁለት፣ አለፈ።»

«ለሬይዮ? አንተ?»

ኦሬል የጎማ መፍቻውን አስቀመጠ። «እኔ እንደሱ አይደለሁም» አለ።

ኖርማ ከዚያ ወደ ክርኑ ነዳች። ከኩርባው በከተማው በኩል ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ የድሮ አሸዋ ማውጫ አለ፤ ቅርንጫፍ ይጋርደዋል። ሰፊ ጎማ ያለው መኪና ገብቶ ዞሮ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አድርጎ ቆሞ እንደነበር ዱካው ያሳያል። ሞተሩ የቆመበት ቦታ ላይ በረዶው ቀልጦ ጥቁር ዘይት ተንጠባጥቧል። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው፤ አሸተተችው፤ ጣቷን በሱሪዋ ጠረገች።

አራት ሰዓት ላይ አራቱንም በከተማው ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። የሬይዮ መኪና ጥግ ላይ እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ተጣጥፎ ቆሟል። ዌይን ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ዓይን ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ክሱ እንደሚነበብለት ሁሉም ያውቃሉ። ማንም አጠገቡ አልቆመም።

«ቁልፋችሁን ያዙና ውጡ» አለች ኖርማ። «ሦስታችሁም ሞተር አስነሡ።»

ግቢው ውስጥ ሦስቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ተነሡ።

«አሁን የፊት መብራታችሁን አጥፉ።»

ጁን ማብሪያውን አዞረች፤ የትንሿ መኪናዋ መብራት ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። ሌዮ አዞረ፤ የአዲሱ ፒክአፑ መብራትም እንደ በራ ቀረ።

«ይሄ አይጠፋም፤ ሞተር እስካለ በቀንም ይበራል» አለ ሌዮ። «የዛሬ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው። ምን ልትሠሪን ነው?»

የኦሬል ፒክአፕ መብራት ድርግም አለ።

«ግቡ» አለች።

ሲገቡ የፍጥነቱን ጽሑፍ በተጨማደደው የሬይዮ መኪና ላይ ለጠፈችው።

«ትናንት ሁላችሁም የጠየቃችሁት ‘ያላበራለት ማን ነው?’ ብላችሁ ነው። ጥያቄው ስሕተት ነው። ሬይዮ ተነግሮታል። እዩት፤ ዘጠና የነበረው ስድሳ ሆነ፤ ጁን ናት። ስድሳው ሃያ አምስት ሆነ፤ ሌዮ ነው። በሃያ አምስት ቢቀጥል ኖሮ ክርኑን ዞሮ ዌይንን ሰድቦ ይመለስ ነበር። ግን እዚህ ጋ ዘጠና ገባ። ሁለት ሰው አደጋ አለ ብሎት፣ ሦስተኛው ሰው ምን ቢለው ነው የሚፈጥነው?»

ጣቷን ጽሑፉ ላይ እንዳደረገች ቀጠለች።

«‘ተነሥቷል፣ መንገዱ ነፃ ነው’ ቢለው ነው። በዚህ መንገድ ይህን የሚል አንድ ምልክት ብቻ ነበር። አባቴ ያደርገው ነበር። መብራትህን ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ፣ እስከ ሦስት ቆጥረህ፣ መልሰህ ታበራዋለህ። መብራታቸው የማይጠፋ መኪናዎች ሲመጡ ምልክቱ ሞተ። ወጣት ነጂ ቢያየው ‘አምፖሉ ተበላሸ’ ብሎ ያልፋል። የሬይዮ ዕድሜ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ያምነዋልም። በመብራት የሚዋሽ ሰው እዚህ አገር ታይቶ አይታወቅማ።»

«በቀን ሊያጠፋ የሚችል አንድ መኪና ብቻ ነው» አለች ጁን በቀስታ፤ ከኦሬልም አንድ እርምጃ ራቀች።

«ሌዮ ከኋላህ ነበር፣ ኦሬል። አንተ ‘በቀጥታ ሄድኩ’ አልክ፤ እሱ ግን የጁንን ዱካ ብቻ ነው ያየው። የአንተ ሰፊ ጎማ አሸዋ ማውጫው ውስጥ ነበራ። ሬይዮ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚያልፍ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሌዮ አለፈልህ፤ ሬይዮ እያዘገመ ሲመጣ ወጣህበት። ዘይትህ እዚያው አለ።»

ኦሬል ጠጋ ብሎ የተለጠፈውን ጽሑፍ አየ። ከዚያ ሲናገር ድምፁ የተሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«እጄ እንኳ አልነካውም። አጠፋሁ፣ ሦስት ቆጠርኩ፣ አበራሁ። አመሰገነኝ፤ ታምኛለሽ? ጋቢናው ውስጥ እጁን አነሣልኝ። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም የተባባልነው ትናንት ነው። እሱ ኮሌትን በዝምታ ገደላት፤ እኔ ቢያንስ አናገርኩት።»

ኖርማ ኦሬልን በካቴና አሰረችው። ዌይን በሩን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ። «ነፃ ነኝ?» አለ። «ሳጅን፣ ነፃ ነኝ ማለት ነው?»

«ከግድያው። የሁለቱ አንጸባራቂ ቅጣት በፖስታ ይደርስሃል።»

ሌዮ ወደ በሩ መራመድ ጀምሮ ነበር።

«ቁም» አለችው ኖርማ። «አልጨረስኩም። የኮሌትን ፋይል ዛሬ ጠዋት አወጣሁት። መብራት አለመስጠት ወንጀል ስላልሆነ ያኔ ማንም ያነበበው የለም። ሬይዮ በዚያ ሳምንት ቀኝ እጁን መጋዝ በልቶት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ካርዱ አለ። አረንጓዴውን መኪና የነዳው ሌላ ሰው ነው።»

ጁን አፏን በእጇ ያዘች። ሌዮ ጀርባውን እንደ ሰጠ ቆመ።

«ይህን ለምን እዚህ ትናገሪያለሽ?» አለ። «ማንን ይጠቅማል?»

«ማንንም። መታወቅ ስላለበት ነው።»

«ሬይዮ ነው ያለኝ» አለ ሌዮ። «‘አንተ ሚስት አለህ፣ ሰው ይፈልግሃል፤ እኔን ድሮም አይወዱኝም፣ በኔ ይለፍ’ አለኝ። እኔ አልጠየቅሁትም።»

ኦሬል በካቴና ታስሮ ሳለ ወደ ሌዮ አንድ እርምጃ ሄደ። ኖርማ አላስቆመችውም።

«አጋዘኑን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያስ?»

ሌዮ ዞረ። «እሷ የነዳችው መኪና ያንተ ነበር። አንተ ነህ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ በክለቡ፣ በሰው ሁሉ ፊት ‘የሬይዮ ጭራ’ ብለህ አስቀህብኛል። እንዳየሁህ ‘ደንግጦ ሱሪው ላይ ይሽናበት’ አልኩ። እሷ መሆኗን ያወቅሁት ሳልፋት ነው።»

 ኖርማ ኦሬልን በክንዱ ይዛ አወጣችው። ሌዮ በሌላው በር ወጣ፤ ጁን ማንንም ሳትሰናበት መኪናዋን አስነሥታ ሄደች፤ እስከ ምሳ ሰዓት ወሬውን ከተማው ሁሉ ሰማው።

ዌይን ብቻውን ጋራዡ ውስጥ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ሚስቱ ጋ ደወለና «ተለቀቅሁ» አላት። እሷም «እንግዲያው ስትመጣ ዳቦ ይዘህ ና» አለችው።