አይጥ የበላው ሽፋን

«ዓይኑን ማን አወጣው?»

ጥያቄውና ጥፊው እኩል አረፉ። ረዲ ከትምህርት ቤቱ በር ምሰሶ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። አፍንጫው መድማት ጀመረ። አብዮት ጠባቂው ጨመዳ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ ከረዲ ቦርሳ ያወጣውን መጽሐፍ ለተሰለፉት ተማሪዎች ከፍ አድርጎ አሳየ። መጽሐፉ በጋዜጣ ተለብዷል። በጋዜጣው ላይ የሊቀመንበሩ ፎቶ አለ። ዓይኖቹ በነበሩበት ሁለት ቀዳዳ፣ አፉ በነበረበት ደግሞ ትልቅ ሽንቁር ሆኗል።

«መልስ እንጂ! የአብዮቱን መሪ ዓይን ማን አወጣ?»

ቀለሟ ከሰልፉ መሃል ሆና ታያለች። ያንን መጽሐፍ የለበደችው እሷ ናት።

የሰፈሩ ልጆች «ምን ላንብብ?» ሲሉ የሚመጡት ወደ እሷ ነበር። አስተማሪ የነበረው ወንድሟ መርጋ ባለፈው ኅዳር በአብዮት ጠባቂዎች ሲወሰድ አንድ ሳጥን መጽሐፍ ቀርቷል። ቀለሟ የልጁን ፊት አይታ ትመርጣለች። ለፈሪ የሚያስቅ፣ ለተደባዳቢ የጀብዱ፣ እናቱ ለሞተችበት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያስለቅስ። ማንበብ እንደ ኮሶ ለሚመረው ለረዲ ግን ታሪኩ በሥዕል የሚሄድ፣ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ አጠገብ የተጻፈ መጽሐፍ አገኘችለት፤ ስለ አንድ ልጅና ስለ ውሻው፣ አዞ ስላለበት ወንዝ። ረዲ ሱስ ያዘው። «መጨረሻው ምንድን ነው?» እያለ ቢለምናትም አልነገረችውም። «መጨረሻውን የሚናገር ከሰው አፍ ጉርሻ የሚነጥቅ ነው» ትላለች ሁልጊዜ። አባባሉን ያስተማራት መርጋ ነው።

መጽሐፉን የለበደችው በጥድፊያ፣ በዱቄት ሙጫ ነበር። የተጣበቀው ጋዜጣ የማንን ፎቶ እንደያዘ ልብ አላለችም። ረዲ የሚተኛው ደግሞ በአባቱ ሱቅ ጓዳ፣ በዱቄት ከረጢቶች መሃል ነው። ጓዳው የአይጥ አገር ነው። ሙጫው በፎቶው ሥር ነበረ፤ አይጥ ሙጫውን በልታ ፊቱንም አብራ በላችው።

ጨመዳ የረዲን ሆድ በሰደፍ መታው። ልጁ እጥፍ አለ።

«ማሎ፣ ኦቦ! እኔ ነኝ የለበድኩት!» ሲል ለመነ ረዲ በደም በተሞላ አፍ። ቀና ሲል ዓይኑ ከቀለሟ ዓይን ጋር ገጠመ፤ ቶሎ ወደ ሌላ ዞረ። «ማንም አልሰጠኝም። እኔው ነኝ።»

በኮሌታው እየጎተቱ ወደ ቀበሌው ወሰዱት።

ቀለሟ ወደ ቤት ሮጠች። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት ሽፋናቸው ጠርዝ ጠርዙን በአይጥ የተበላ ነው። እነሱን ብታሳይ ያምኗታል፤ ቢያንስ ረዲን መምታቱን ያቆማሉ። ጓሮ ስትደርስ ግን ጭስ ተቀበላት። እናቷ በቀለች ከባዶው ሳጥን አጠገብ ተንበርክካ እሳቱን በእንጨት ትቆሰቁሳለች። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«አዮ፣ እናቴ! ምን አደረግሽ? ማስረጃዬ እኮ ነበሩ!»

ቀለሟ እጇን ወደ እሳቱ ሰደደች። እናቷ ጸጉሯን ይዛ ወደ ኋላ ጣለቻት፤ ወዲያው በጥፊ መታቻት። ከዚያ ደግሞ ራሷ ማልቀስ ጀመረች።

«መርጋም ማስረጃ አለኝ ብሎ ነው ሄዶ የቀረው! ኢንተላ፣ ልጄ፣ ረዲ የሱቅ ነጋዴ ልጅ ነው፣ አባቱ ተለማምጦ ያስወጣዋል። አንቺን ማን ያስወጣሻል? እኔን ልትቀብሪኝ ነው?»

የቀበሌው ግቢ ከጓሯቸው አጥር ማዶ ነው። ከዚያ የገመድ ፉጨት፣ ከፉጨቱ በኋላም የረዲ ጩኸት ተሰማ። እናቷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። እጆቿ ጆሮዋ ላይ ሳሉ ቀለሟ በአጥሩ ሾልካ ሄደች።

«የለበድኩት እኔ ነኝ» አለች ቀበሌው ክፍል ውስጥ ጨመዳ ፊት ቆማ። ረዲ እግሩ ወደ ላይ ታስሮ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። «ዓይኑን የበላችው አይጥ ናት። የዱቄት ሙጫ ነው።»

ጨመዳ ሳቀ።

«ሰማችሁ? አይጧም ፀረ አብዮት ሆናለች! ታዲያ የት አለች? ለምን አብራሽ አልመጣችም?»

ሌሎቹ ጠባቂዎችም ተከትለውት ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ የኤሌክትሪክ ገመዱ መዳፏ ላይ አረፈ። ደግሞ አረፈ። ጣቶቿ የእሷ መሆናቸው እስኪጠፋት ድረስ መታት። ሲደክመው ሁለቱንም መስኮት የሌለው መጋዘን ውስጥ ወርውሮ ቆለፈባቸው።

በበሩ ስንጥቅ የቀትር ብርሃን ይገባል። የረዲ ውስጥ እግር አብጦ ተልጧል።

«ፋራ!» አላት። «እኔ ዋሽቼ አውጥቼሽ ነበር እኮ።»

«አንተን ማን ዋሽ አለህ?»

ቀለሟ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ መታጠፍ ባቃተው እጇ ከአፉ ላይ ደሙን ጠረገችለት።

«ውሻውስ?» አለ ረዲ ድንገት።

«የቱ ውሻ?»

«አዞው አፉን የከፈተበት ገጽ ላይ ነው የቀሙኝ። ይተርፋል?»

ቀለሟ እንደ ልማዷ «ራስህ አንብበው» ልትለው ነበር። መርጋ ከመወሰዱ በፊት አንድ ታሪክ እኩል ላይ አቋርጦ፣ እየሳቀ «የቀረውን ነገ» ብሏት ነበር። ከውጭ የከስክስ ጫማ ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ። ቁልፍ ተንቃጨለ።

ወደ ረዲ ጆሮ ተጠጋች።

«ልጁ መጀመሪያ ዱላውን ወረወረ» ብላ ጀመረች። ቁልፉ ሳይዞር መጨረሻው ላይ ለመድረስ፣ ሳትተነፍስ፣ እየተጣደፈች ነገረችው።