አራት ለባዶ

በረኛው የተገኘው በሕንፃው ጓሮ፣ ከብረቱ የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነው። በረኛ ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። አምስት ሆነው አራተኛ ፎቅ ላይ በኢንተርኔት የሚካሄድ የእግር ኳስ ጨዋታ ያዘጋጃሉ፤ ተጫዋቹ ኳስ አይመታም፣ ቡድን ይመራል፤ አሰላለፍ ያወጣል፣ ሰው ይቀይራል። አዲስ ሰው ወደ ጨዋታው ሲገባ ተቀብሎ የሚያለማምደው እሱ ስለነበር ስሙ በረኛ ሆኖ ቀረ።

መርማሪዋ ስትደርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ጓሮው ገና እርጥብ ነው። የሟቹ ጀርባ በዝናብ በስብሷል፤ ስልኩ ከደረቱ ሥር ተሰባብሯል። ሳጅኑ ማስታወሻውን ዘርግቶ ይጠብቃታል።

«አንሸራቶት ነው» አለ። «ደረጃው እንደ ሳሙና ነው።»

«አንሸራቶት ከሆነ ይሄ እላይ ምን ይሠራል?» ከደረጃው አናት ያነሳችውን የሸሚዝ ቁልፍ አሳየችው። ቁልፉ ከነጨርቁ ተቦጭቋል። የሟቹ ኮሌታ ላይ ደግሞ አንድ ቁልፍ ጎድሏል።

ሳጅኑ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። አስከሬኑ ሲነሳ መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የተኛበትን ሲሚንቶ በመዳፏ ዳበሰችው። እጇ ላይ ደረቅ አቧራ ቀረ። እጇን ሳታራግፍ ትንሽ ቆመች።

ስልኳ ጠራ። ኮማንደሩ ናቸው።

«አብራው የምትሠራው እህቱ ናት አሉኝ። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ቢሮው ሁሉ ሰምቷል። እስከ ነገ አራት ሰዓት ጨርሰሽ ይዘሻት ነይ።»

«ገና አላየኋትም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ እያት!» ጆሮዋ ላይ ዘጉባት።

አሳንሰሩ አይሠራም። አራቱን ፎቅ በእግሯ ስትወጣ፣ ያላየቻትን ሴት እንድታስር የታዘዘችበት ነገር በየደረጃው ይከነክናት ነበር።

ቢሮው አምስት ጠረጴዛና በመስታወት የተከለለ የስብሰባ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «በዚህ ሳምንት የገቡ፦ 1140። ከሦስት ቀን በኋላ የቀሩ፦ 38» ይላል። ከሰሌዳው ሥር የድርጅቱ ባለቤት ቆመዋል። ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል።

«የኔ እመቤት፣ እኔ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ» አሉ ሳትጠይቃቸው። «ሺህ ሰው ጠርተን አርባ አይቀርልንም። አንዱ ይገባል፣ ግራ ይገባዋል፣ ይወጣል። ትንሽ የሚያቆይልኝ ሰው እሱ ነበር፤ እሱም ይኸው።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚህ መስታወት ውስጥ። ሰባት ሰዓት ከአሥር ገባን፤ እኔ፣ ፕሮግራመሩና ሻምፒዮኑ። እስከ ዘጠኝ ማንም አልወጣም። ዘጠኝ ላይ የበረኛውን ሐሳብ ልንሰማ ነበርና ጥሪው ብለን እህቱን ላክናት። እሷ ናት ያገኘችው።»

«ምን ዓይነት ሐሳብ?»

«አዲሱ ውድድር ሲጀመር የነባሮቹ ቡድን ሁሉ ፈርሶ፣ ሁሉም ከዜሮ ይጀምር የሚል ነው። ጀማሪው ስምንት ዓመት የተገነባ ቡድን ፊት እየቆመ እንዴት ይቀራል ይለኝ ነበር። እኔም ልቀበለው ነበር።»

«እርስዎ ጨዋታውን ይጫወቱታል?»

ጋሼ አፈሩ። «አሰላለፍ የት እንደሚወጣ እንኳ አላውቅም። ሰው ሲመጣ እህቱ ናት የምታወጣልኝ።»

ፕሮግራመሩ ጥግ ላይ ነው፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ወንበር ገፋላት።

«ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ በሕይወት ነበር» አለ። «ይኸው መዝገቡ። ጀማሪዎችን የሚገጥምበት ቡድን ጀማሪ ሰባት ይባላል። ሰባት ከአርባ ላይ ተጫውቷል።»

«ከየትኛው ስልክ?»

«እሱን አይመዘግብም።»

«የቡድኑን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

«ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ከእሱ በቀር ማን ይነካዋል? ያ ቡድን ራስ ምታቴ ነው። በደረጃው ሰንጠረዥ ከታች አንደኛ ሆኖ ሪፖርቴን ያበላሽብኛል።»

«የዚያን ጨዋታ ዝርዝር ማን አይቶታል?»

«አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«እንግዲያው ዝጋው። ከእኔና ካንተ በቀር ማንም እንዳያየው፤ ለማንም እንዳትናገር።»

ሰባት ከአርባ ላይ ሦስቱ መስታወቱ ውስጥ ከሆኑ፣ ውጭ የነበረችው እህትየው ብቻ ናት። ነገሩ ሁሉ ወደ ኮማንደሩ መንገድ ያዘነብላል። መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወደ ሻምፒዮኑ ሄደች።

ሻምፒዮኑ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጸጉሩን አሳምሮ የተቆረጠ ሰው ነው። ጨዋታውን ስድስት ጊዜ ስላሸነፈ ነው ጋሼ የነባሮቹን ሊግ እንዲመራ የቀጠሩት። ከጠረጴዛው በላይ የስድስት ዋንጫ ፎቶ በተርታ ለጥፏል።

«ከበረኛው ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ሰላም ነን። እሱ ከመንደር ቡድኖቹ ጋር፣ እኔ ከአንደኛ ዲቪዚዮን ጋር።»

«የእሱን ጨዋታዎች አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ?» ሳቀ። «ጊዜ ተርፎኝ?»

መርማሪዋ ጨዋታውን ስልኳ ላይ ጭና ነበር፤ ሟቹ ሲሠራበት የኖረው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ። አሥራ አራት መስኮት ተከፈተባት። አንዱን ስትዘጋ ሌላው ብቅ ይላል። አሥር ተጫዋች አሰለፈች፤ በረኛ የት እንደሚገባ ግን አጣችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ልትወረውረው ምንም አልቀራት።

«አምጪው፣ አምጪው» አለ ሻምፒዮኑ ትዕግሥቱ አልቆ። «እዚህ ጋ ነው። ወይ ጉድ! እንደዚህ አድርገሽማ ማንንም አታሸንፊም። ስልሳኛው ደቂቃ ላይ የግራ ተከላካይሽን አውጪና ሦስተኛ አጥቂ አስገቢ። ስድስቱም ዋንጫ የመጣው በዚህ ነው።»

«ለጀማሪም ይሠራል?»

«ለሁሉም ይሠራል።»

ስልኳ ላይ «ተጋጣሚ በመፈለግ ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በረኛው የለም፤ ማንም አልመጣላትም።

እህትየው ወንድሟ ጠረጴዛ አጠገብ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። ሥራዋ ለጀማሪዎች መልስ መጻፍ ነው። ዓይኗ ከማበጡ ውጪ ልቅሶዋን ለማንም አላሳየችም።

«ጠዋት ምን አልሽው?»

«አንድ ቀን እዚያ ደረጃ ላይ ትቀራታለህ አልኩት።» በእጇ ወደ ብረቱ ደረጃ ጠቆመች። «ምሳውን እንኳ እዚያ ደረጃ ላይ ስልኩን ይዞ ነው የሚበላው። ሥራውን ልተው ብዬ ነበር። በቀን ሠላሳ ሰው ይሰድበኛል። ወንድሜ ግን ይሄ ውድድር ይለፍ፣ እየቀሩልን ነው አለኝ። ሠላሳ ስምንት ሰው! በዚህ ተናድጄ ነው።»

«ይዘሻት ነይ ብለውኛል።»

«ያዙኛ» አለች ቀና ብላ። «ግን የገፋው ሰው እዚሁ ተቀምጦ አሰላለፍ ሲያወጣ እንዲውል አትተዉት።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስለ ጀማሪ ሰባት ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«እሱ ሁልጊዜ ይሸነፋል» አለች እህትየው።

«ሁልጊዜ?»

«ሆን ብሎ። በአንድ ግብ ብቻ፣ ሰውየው እንዳይጠረጥር። ሁለት ለአንድ፣ ሦስት ለሁለት። የመጀመሪያ ቀን አሳፍረነው እንዴት ነገ እንጠብቀዋለን ይላል። ከእኔ ሌላ ለማንም አልነገረም። ፕሮግራመሩ ቁጥሩን አይቶ በራሱ ደረሰበት።»

መርማሪዋ ተነስታ ወደ ፕሮግራመሩ ጥግ ተመለሰች። የጀማሪ ሰባትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሽንፈት፤ ሁሉም በአንድ ግብ። ከዚያ ሦስት መቶ አሥራ ሦስተኛውን፣ የመጨረሻውን ከፈተች። ጀማሪ ሰባት አራት፣ እንግዳው ባዶ። እንግዳው ጨዋታው ባለቀ በሦስተኛው ደቂቃ ወጥቷል። ሲወጣ አንድ መስመር ጽፎ ነበር፤ «ለዚህ ነው የጠራችሁኝ?»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አራቱንም መስታወቱ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ በሩ አጠገብ ቆመ። ኮማንደሩ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ ደውለዋል፤ አላነሳችም።

«ትናንት ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ?» አለች።

«ልክ ሰባት ሰዓት» አሉ ጋሼ። «ግማሽ ሰዓት ዘነበ።»

«የሟቹ ጀርባ በስብሷል፤ የወደቀበት ሲሚንቶ ግን አቧራው ሳይረጥብ ደረቅ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር መሬት ላይ ነበር። የሞተው ከሰባት ሰዓት በፊት ነው፤ ሁላችሁም ለምሳ ተበታትናችሁ ሳለ።»

«ሰባት ከአርባ ላይ ተጫውቷል እኮ!» አሉ ጋሼ።

«ሬሳ አሰላለፍ አያወጣም፣ ጋሼ። በእሱ ስም ሌላ ሰው ተጫወተ። ለምን? በረኛው ሰባት ከአርባ ላይ በሕይወት ነበር ከተባለ ማን ይጠቀማል? በዚያ ሰዓት ምስክር ያለው። እህቱ ብቻዋን ነበረች፤ ይህ ጨዋታ እሷን ገመድ ውስጥ ያስገባል እንጂ አያወጣትም። የሚጠቀሙት እዚህ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሦስቱ ናቸው።»

ፕሮግራመሩ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ። «እኔን ነው?»

«አንተ የጀማሪ ሰባትን ልማድ ታውቃለህ። አንተ ብትሆን እንደ እሱ ትጫወት ነበር። ጋሼ ደግሞ በረኛ የት እንደሚገባ አያውቁም፤ እኔም አላውቅም ነበር፣ አልፈርድባቸውም።»

ሻምፒዮኑ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደለ። «በአንድ የመንደር ጨዋታ ሰው ልትከሺ ነው?»

«እውነትህን ነው፤ ጨዋታው ምንም አይረባም» አለች መርማሪዋ በተሰላቸ ድምፅ። «ማንም ሊጫወተው ይችላል። ተራ ዕድል ነው። እንግዳው ገና ከመጀመሪያው በራሱ ፈርሷል።»

«በራሱ አልፈረሰም!» አለ ሻምፒዮኑ። «እስከ ስልሳኛው አንድ ለባዶ ነበር። የፈረሰው ከዚያ በኋላ ሦስተኛው አጥቂ ሲ…»

አቆመ። ወንበሩ በአራት እግሩ ወለሉን መታ።

«ያንን ዝርዝር ፕሮግራመሩ ትናንት ማንም ሳያየው ነው የዘጋው» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «እኔና እሱ ብቻ አይተነዋል። አንተ ከየት አገኘኸው?»

ጋሼ ወደ ሻምፒዮኑ ዞሩ። «ትናንት እጅህ ከጠረጴዛው ሥር ነበር። ሊጉን እየተከታተልክ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«በረኛው ለሦስት መቶ አሥራ ሁለት እንግዶች ሆን ብሎ ተሸንፏል» አለች መርማሪዋ። «በእሱ ስም አንድ ጨዋታ መሸነፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብህ፤ አንተ ግን አራት ለባዶ አሸነፍክ።»

«ሆን ብሎ?» ሻምፒዮኑ ከልቡ ገረመው። «ማን ሆን ብሎ ይሸነፋል?» ከዚያ ፊቱ ጠወለገ። «ሐሳቡን ተወው ብዬ ልለምነው ነው የሄድኩት። ስምንት ዓመት የሠራሁት ቡድን ነው! አንተም ከእነሱ ጋር ከዜሮ ትጀምራለህ፣ ትወደዋለህ አለኝ። እየሳቀ። ኮሌታውን ያዝኩት… ቁልፉ እጄ ላይ ተቦጨቀ። እንዲወድቅ አልፈለግኩም።»

«እኔንስ?» አለች እህትየው።

ሊያያት አልቻለም። «ስለ አንቺ አላሰብኩም። እኔ የት እንደነበርኩ ብቻ ነው ያሰብኩት።»

ሳጅኑ ይዞት ወጣ። ጋሼ ነጩ ሰሌዳ ፊት ቆመው ቀሩ፤ ቁጥሩን ለማጥፋት እጃቸውን አነሱና ተዉት።

«ወደ ቤት ላድርስሽ?» አለቻት መርማሪዋ እህትየውን።

«ቆይ፣ ትንሽ ልቀመጥ።» ወንድሟ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ስክሪኑን ከፈተች። «ለዚያ ሰውዬ ይቅርታ ልጻፍለት። አራት ለባዶ የተሸነፈው በወንድሜ እንዳይመስለው። ደግሞ አንድ ሰው ከትናንት ጀምሮ የጨዋታው በር ላይ ቆሟል፤ ማንም አልተቀበለውም።»

መርማሪዋ ትታት ወጣች። ደረጃውን ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስልኳ ጮኸ፤ ኮማንደሩ መስለዋት በብስጭት አወጣችው።

«ተጋጣሚ ተገኝቷል፦ ጀማሪ ሰባት።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በረኛዋን ቦታው ላይ አስገባች። አንድ ተቆጠረባት፣ አንድ አስቆጠረች። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የጀማሪ ሰባት ተከላካዮች ያለ ምንም ምክንያት ወደ ቀኝ ተሰበሰቡ፤ ግራው ባዶ ሆነ። ማን እንዳዘዛቸው እያወቀች፣ በዝግታ፣ አጥቂዋን ወደ ግራ ላከችው።

ሁለት ለአንድ።

ከሥሩ ጽሑፍ መጣ። «እንኳን ደህና መጡ። ስላስጠበቅንዎ ይቅርታ። ነገም ይምጡ።»

የኮማንደሩ ስልክ መጣ። መርማሪዋ ሦስቴ እስኪጠራ ተወችውና፣ «እመጣለሁ» ብላ ለጀማሪ ሰባት ከጻፈች በኋላ አነሳችው።