ለመርከበኛው የተቀመጥንለት ለቅሶ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጓደኞቼ ስለ መንፈስ ሲያወሩ "ባካችሁ እራታችሁን ብሉ" የምለው እኔ ነኝ፣ ይህን ግን በጆሮዬ ስለሰማሁ ልንገራችሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሚድ ዊልሻየር በሚባለው ሰፈር፣ ለሥራ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ፣ ሚስስ ኤለን ይባላሉ። እሳቸው ሕፃን ሳሉ ታላቅ ወንድማቸው ቶም በፓስፊኩ ጦርነት መርከበኛ ነበር፣ መርከቡ ተመትቶ ውሃ ሲያስገባ ሌሎቹ እንዲተርፉ ብሎ የሞተር ክፍሉን የብረት በር ከውስጥ ዘግቶ እዚያው ቀረ። ጀግና ተባለ፣ ሬሳው ስላልመጣ ግን ቁጭ ብሎ ያለቀሰለት የለም። ሴትዮዋ ስለ ጀግንነቱ አይጨነቁም፣ "እዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ነው የሞተው?" እያሉ ይጠይቁኛል፣ አንጀቴን ይበሉታል።

ይህን ለእትዬ አልማዝ አጫወትኳቸው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አላቸው፣ በአገር ቤት ደግሞ የታወቁ አስለቃሽ ነበሩ።

"ሬሳ ባይኖር ፎቶ የለም እንዴ? ሰኞ ክሎዝድ ነን፣ ከሰዓት ድራይቭ አድርገሽ አምጫቸው" አሉኝ።

መቼም እኛ ለቅሶ ከተባለ ማን እንደሞተ ሳንጠይቅ ነጠላችንን ዘቅዝቀን ከተፍ ነው፣ ቤቱ ሞላ። የቶምን ፎቶ ወንበር ላይ አስቀመጥን፣ እትዬ አልማዝ "ወንድሜ፣ ወንድሜ" ብለው ደረታቸውን እየመቱ ሲጀምሩ ከጓዳ በኩል ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ቧንቧ ነው ብዬ ሄድኩ፣ ማንም የለም፣ ወለሉ ግን ረጥቦ፣ እመኑኝ፣ የባሕር ውሃ ሸተተኝ።

ስመለስ ሚስስ ኤለን እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

"ከቶም ጋር ያለው ሰው ማነው?" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

"የቱ ሰው?"

"እሷ የምትለው" አሉ ወደ እትዬ አልማዝ እያመለከቱ። "ክፈትልኝ እያለ የሚያለቅሰው። ቶም አቅፎታል።"

ሴትዮዋ ከአማርኛ "እሺ"ን እንኳ አያውቁም፣ እትዬ አልማዝን በኋላ ብጠይቃቸው ደግሞ "ወንድሜ" ከማለት በቀር አንድም ቃል አልወጣኝም ብለው ማሉልኝ።

ሚስስ ኤለን ግን "ብቻውን አልነበረም፣ ብቻውን አልነበረም" እያሉ እስኪወጣላቸው አለቀሱ፣ ቀለል ብሏቸው ቤታቸው ገቡ፣ ከዚያ ወዲያም ያን ጥያቄ ደግመው አልጠየቁኝም። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ቶም በሩን የዘጋው ወዶ ነው፣ ክፈትልኝ ይል የነበረው ያ ሰውዬስ?