ሁለት ቀሪ፣ በፈቃድ

ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ባለ ሁለት ክፍል በሆነች አንዲት አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ሁለት እህትማማቾች ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ታናሺቱ አስተማሪ። በክፍሎቻቸው መሐል አንድ በር አለ። በሩ አይቆለፍም፤ ሆኖም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የከፈተው አልነበረም። ከአንድ ማኅፀን ወጥተው፣ አንድ ጡት ጠብተው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ቃል የማይነጋገሩ ሰዎች እንዴት ይኖራሉ ትሉ ይሆናል። ይኖራሉ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። አስተማሪዋ የግድ የሚነገር ነገር ሲኖራት ለእህቷ ሳይሆን ለበሩ ትናገራለች። «በሩ፣ ነገ ውሃ ይጠፋል ተብሏል» ትላለች። ሰፊዋም የስፌት መኪናዋን ለአፍታ ታቆምና ባልዲዋን ትሞላለች። በሩ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ከቤቱ ሰው ሁሉ ጨዋው እርሱ ነበር።

ለመሆኑ ምን ቢበዳደሉ ነው? አባታቸው ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀረ። እናታቸው የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገቻቸው፤ ጉልበቷ ሲከዳት ታላቂቱ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ መኪናው ላይ ተቀመጠች። ያጫት ሰው ሁለት ዓመት ጠበቃትና ሲሰለቸው ሌላ አገባ። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋችው እርሷው ናት፤ አሳምራም ነው የሰፋችው። ይህን ሁሉ የቻለችው ለታናሿ ስትል ነበር። ሚጣ ነው የምትላት። ሚጣ ራቅ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ፈተና ልትፈተን ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እናታቸው አረፈች። ሰፊዋ አሰበች። ብትነግራት ልጅቷ ትመጣለች፤ ከመጣች ፈተናው ያልፋታል፤ ፈተናው ካለፋት የእናቷ የዕድሜ ልክ ድካም ውሃ በላው... እናም ብቻዋን ቀበረች፤ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጠበችና ደብዳቤ ጻፈች። «እማማ ደህና ናት። አንቺ ብቻ አጥኚ።»

ልጅቷ ፈተናዋን በከፍተኛ ውጤት አለፈች። ወረቀቷን ይዛ እየሮጠች ቤት ስትደርስ የጠበቃት ባዶ አልጋ ነበር። አላለቀሰችም። ከማን ጋር ታልቅስ? ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። «ሞታ ሳለ ደህና ናት አልሽኝ» አለች። ለእህቷ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ። ተምራ፣ ተመርቃ፣ እዚያው አጥሩ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ስትመደብ እንኳ ወደ ሌላኛው ክፍል ገባች እንጂ ወደ እህቷ አልተመለሰችም።

የሰፊዋ በሽታ የጀመራት በጉንዳን ነው። መኪናዋ ላይ በተቀመጠችበት የእግር ጣቶቿን አንዳች ነገር ወረራቸው፤ እግሯን አራገፈች፤ ወለሉንም ጠረገች። ጉንዳን አልነበረም። በማግስቱም መጣ፤ ከዚያ ማቃጠል፣ ከዚያ መነዝነዝ ጀመረ፤ አንሶላው እንኳ ሲነካት እንደ እሾህ ይሆንባታል። አንድ ቀን ግን ሁሉም ጸጥ አለ። ዳንኩ ብላ ደስ አላት። ለካ ጉንዳኖቹ ሲሄዱ እግሯን ይዘው ነው የሄዱት! ክር ልትገዛ ሄዳ ክር ሻጩ ቁልቁል አየና፣ «ሌላኛው ጫማሽ በኋላ ነው የሚመጣው?» አላት። መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ አልታወቃትም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ መረመረቻትና፣ «ስኳር ነው። ነርቭሽን ጎድቶታል» አለቻት። «ከእንግዲህ እግርሽ ቢቆስል አይነግርሽም። ውስጥ እግርሽን በየቀኑ ሰው ይይልሽ። ችላ ካልሽው እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ቤት ውስጥ ሰው አለ?»

«አለ» አለች ሰፊዋ። ውሸት አልነበረም። ሰው አለ፤ የሚያይ ነው የሌለው። የእርሷ ወገብ መኪናው ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ ጎንበስ ብላ ውስጥ እግሯን ማየት አትችልም። ነርሷ የሰጠቻትን የምክር ወረቀት ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችና መስፋቷን ቀጠለች። ያለ እግር የመኪናውን መርገጫ ማን ይረግጣል? ያ መርገጫ ከቆመ እንጀራዋ ቆመ ማለት ነው።

በብርዱ ወራት አንድ ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ ክፍሏ ሆና የሚቃጠል ላስቲክ ሸተታት። «በሩ፣ ምንድነው የሚሸተው?» አለች። በሩ ዝም። የመኪናው ድምፅ እንደወትሮው ይሰማል። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ያልተከፈተውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ሰፊዋ በእርጋታ የእጅጌ ጠርዝ ትሰፋለች፤ ግራ እግሯ ለሙቀት አጠገቧ ካስቀመጠችው የኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር ተጣብቆ የጫማዋ ላስቲክ ይንጠባጠባል። አስተማሪዋ ምድጃውን በእርግጫ ገለበጠችው፤ ጫማውን መነጨቀችው። ተረከዙ ቀልቷል እንጂ አልተላጠም። ከዚያ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወጣች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች አንድ የፕላስቲክ ወንበርና ባትሪ ይዛ ገባች። እህቷን ቀና ብላ አላየቻትም። እግሯ ሥር ተቀመጠች።

«እናንተ እግሮች» አለች፣ «ውጡ እስቲ።»

ክፍል ውስጥ ስም እንደምትጠራው ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች። «አሥሩም ተገኝተዋል። ተረከዝ፣ ትናንት ያጠፋኸው እንዳይደገም።» ወንበሯን ይዛ ወጣች። ሰፊዋ ኮርኒሱን እያየች ቀረች። እህቷ የቱ ጋ እንደነካቻት ያወቀችው በዓይኗ ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የናፈቀችው እጅ ነካት፤ አልተሰማትም! ከዚህ የከፋ የዕድል ቀልድ ከወዴት ይገኛል?

ቢሆንም ተመስገን አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እግሮቿ እንግዳ ነበራቸው። አንድ ቀን የበሩ ደፍ ላይ ነጫጭ ካልሲዎች አገኘች፤ ለምን ነጭ እንደሆኑ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀባት፤ ደም ቢኖር እንዲታይ ነው። መታጠቢያ ውሃዋን በክርኗ መለካት፣ ጫማዋን ከማጥለቋ በፊት ማራገፍ፣ መርገጫውን በእግሯ ሳይሆን በጆሮዋ መከታተል ተማረች። ይህን ሁሉ ያስተማረቻት አስተማሪዋ ናት፤ ለእግሮቹ እየነገረች።

በዚህ መሐል አስተማሪዋ ፈተና እንድትቆጣጠር ለአምስት ቀን ሌላ ከተማ ተላከች። ሰፊዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ መርፌዋ ተሰበረ። ግማሹን አገኘችው፤ ግማሹን አጣችው። ሐሙስ ዕለት የግራ ካልሲዋ ላይ ደም አየች። ካልሲውን አጠበችው። አስተማሪዋ ስትመለስ ክንዷ ሙሉ የፈተና ወረቀት ታቅፋ ነበር። «እግሮች፣ ውጡ» አለች ከበሩ ላይ።

«ደህና ናቸው» አለች ሰፊዋ። «ደክመሻል፤ ወረቀትሽን አርሚ።»

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንድ ነጭ ካልሲ አየች፤ ጣቱ ጋ ቡናማ ነጠብጣብ ቀርቶበታል። የተኮረጀ መልስ እንዳገኘ ሰው ትኩር ብላ አየችው። ገባች፤ ወንበር አልፈለገችም፤ ተንበርክካ ካልሲውን ገፈፈችው። የመርፌው ግማሽ ትንሿ ጣት ሥር ተቀብሮ ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል።

«መቼ ነው ያየሽው?» አለች። የጠየቀችው እግሮቹን አልነበረም።

«ሐሙስ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሰፊዋ ጨርቁን በእጇ ጨበጠች። «ፈተና ላይ ነበርሽ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሁለቱም ሰሙት። መኪናው ዝም፣ በሩም ዝም... «እትዬ» አለች አስተማሪዋ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ። «እትዬ... አሁንም?»

ታክሲ ጠርታ ሆስፒታል አደረሰቻት። ሐኪሙ ሁለት ጣት ቆረጠ። «ሌላ ሁለት ቀን ብትቆዩ ኖሮ እግሩን ነበር የምናጣው» አለ። ሰፊዋ ስትነቃ እህቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«መንገር ነበረብኝ» አለች ሰፊዋ። «የዛሬውን አይደለም የምልሽ። ፈተናውን ወይስ እናትሽን የምትመርጪው አንቺ ነበርሽ። እኔ መረጥኩልሽ።»

አስተማሪዋ የአንሶላውን ጠርዝ አቃናች። «ቀብሯ ላይ ዘነበ?»

«አልዘነበም። ፀሐይ ነበር። የመጨረሻ ደብዳቤሽን እጇ ላይ አድርጌ ነው የሸኘኋት።»

ያን ጊዜ አስተማሪዋ አለቀሰች። ያኔ አብሯት የሚያለቅስ ስላጣች ያስቀመጠችውን ልቅሶ አወጣችው፤ ሰፊዋም ብቻዋን ያለቀሰችውን እንደገና አብራት አለቀሰች። ክፍሉ ተረበሸ። ወገባቸው የተሰበረ አንዲት አሮጊት ከጎረቤት አልጋ አንገታቸውን አቀኑ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልጆቼ። ማን ነው የሞተባችሁ?»

«እናታችን» አለች አስተማሪዋ።

«ውይ... መቼ?»

«ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት።»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። «ቢሆንም» አሉና እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ።

ቤት በገቡ ማግስት አስተማሪዋ ወንበሯን ይዛ ገባች። ፋሻውን ፈታች። ቀኙን ጨርሳ ወደ ግራው ተሻገረች። «አንድ። ሁለት። ሦስት...» ድምፅዋ ተቆረጠ።

«ሁለት ቀሪ» አለች ሰፊዋ ከላይ።

አስተማሪዋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «በፈቃድ ነው» አለች።

ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሶቹ ለሰፊዋ ረጅም እጀታ ያለው መስታወት ሰጥተዋት ነበር። «በዚህ ውስጥ እግርሽን ራስሽ ታዪበታለሽ፤ ማንንም አታስቸግሪም» ብለዋታል። አመስግና ተቀበለችና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሳጥኗ ሥር ደበቀችው። አንድ ቀን አስተማሪዋ መቀስ ስትፈልግ አገኘችው። ወለወለችው፤ የገዛ ፊቷን አየችበት፤ ገባት። ይህ በሕይወቷ ያገኘችው ሦስተኛው የእህቷ ድብቅ ነገር ነው። ወደ ቦታው መልሳ ተጨማሪ ጨርቅ ከመረችበትና ወንበሯን ሳበች።

ዕድል አንዳንዱን በእጁ ይነሳል፣ በእግሩ ይክሳል። ሰፊዋ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ስታመሰግን ከእግሮቿ ትጀምራለች፤ የሌሉትን ሁለት ጣቶች አስቀድማ። የደነዘዘው እግሯ አልተመለሰም፤ አይመለስምም ብለዋታል። ስለዚህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ክፍት በሆነው በር የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ሲደርስ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠይቃለች።

«ነካሽኝ?»

«ነካሁሽ፣ እትዬ።»

ታምናታለች።